የድሮ ሲዬና ቤልትና ፑሊ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ1998 እስከ 2010 ሞዴል ያለው ቶዮታ ሲዬና ይዛችሁ ስለ ቤልት (ሞተሩ ላይ ያሉትን ዕቃዎች የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ጩኸት፣ ስለ ፑሊ (ቤልቱ የሚሽከረከርበት ክብ ዕቃ) እና ስለ ቴንሽነር (ቤልቱን ወጥሮ የሚይዘው) ደጋግማችሁ የምትጠይቁትን ነው እዚህ የሰበሰብኩት።

የኔ ሲዬና ስንት ቤልት ነው ያለው?

በሞዴሉ ይለያያል። ከ1998 እስከ 2003 ያሉት 3.0 ሊትር ሞተር ናቸው፣ ከ2004 እስከ 2006 ያሉት 3.3፣ ከ2007 እስከ 2010 ያሉት ደግሞ 3.5። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከውጪ ሁለት ቤልት አላቸው፣ አንዱ አልተርኔተሩንና (ዲናሞውን) የኤሲውን ኮምፕሬሰር ያዞራል፣ ሌላኛው የፓወር ስቲሪንጉን ፓምፕ፣ ከዛ ውጪ ደግሞ ውስጥ ተሸፍኖ የማይታየው ታይሚንግ ቤልት (ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱ የሚያደርገው) አለ፣ ዋተር ፓምፑን የሚያዞረው እሱ ነው። 3.5ቱ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፣ ከውጪ ያለው አንድ ረጅም ቤልት ብቻ ነው፣ አልተርኔተሩንም ኤሲውንም መሪውንም ዋተር ፓምፑንም እሱ ብቻውን ነው የሚያዞረው፣ ውስጥ ያለው ደግሞ ቤልት ሳይሆን ካቴና ነው።

ብዙ ሰው ሞዴሉን ስጠይቀው የገዛበትን ዓመት ነው የሚነግረኝ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ በሾፌሩ በኩል በፊት መስታወቱ ጥግ የሚታየውን 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን ቪን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) እዩት፣ ከግራ ስትቆጥሩ 10ኛው ላይ 6 ካለ 2006 ነው፣ 7 ካለ 2007 ነው። እዚህች አንዷ ቁጥር ላይ ከተሳሳታችሁ ከታች ያለውን ግማሹን መልስ ለሌላ መኪና ነው የምታነቡት።

ጠዋት ሲነሳ ይጮህና ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል፣ ችግር ነው?

ዝናብ ባደረ ማግስት ወይም በብርድ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ጮሆ ዝም ካለ ብዙም አታስቡበት። መኪና እንደተነሳ አልተርኔተሩ ባትሪው ያጣውን ለመመለስ ጠንክሮ ይሰራል፣ ስለዚህ ለመዞር ይከብዳል፣ ቤልቱ እርጥብ ወይም የቀዘቀዘ ከሆነ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ጩኸቱ እሱ ነው።

በየቀኑ የሚጮህ ከሆነ፣ ወይ መሪውን እስከ መጨረሻው ስታዞሩ ወይ ኤሲና ዲፍሮስት ስትከፍቱ የሚጮህ ከሆነ ግን ቤልቱ ላልቷል ወይ አልቋል። 3.0 እና 3.3 ላይ ውጥረቱ በብሎን ነው የሚስተካከለው፣ ራሱን የሚወጥር ነገር የለም፣ አዲስ ቤልት ራሱ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ይለጠጥና ይላላል፣ ስለዚህ ቀይራችሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ማስወጠር የስራው አካል ነው፣ ብዙ ጋራዥ ግን ይሄን አይነግራችሁም። 3.5ቱ ላይ ውጥረቱን የሚይዘው ቴንሽነር ነው፣ እዛ ላይ ቤልት ላላ ማለት ቴንሽነሩ ደክሟል ወይ ቤልቱ ከልኩ በላይ አልቋል ማለት ነው።

ቤልቱ ምንም ስንጥቅ የለውም፣ ታዲያ ለምን ይቀየር ይሉኛል?

ድሮ ቤልት ሲያረጅ ይሰነጠቅ ነበር፣ ስንጥቁን ቆጥሮ መፍረድ ይቻል ነበር። አሁን ገበያ ላይ ያሉት ቤልቶች ግን ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው የሚሰሩት፣ እሱ ሳይሰነጠቅ ነው ቀስ እያለ የሚያልቀው። ርዝመቱን የያዙት መስመሮች ይሳሳሉ፣ በመሃላቸው ያለው ቦይ ይሰፋል፣ ቤልቱ ፑሊው ውስጥ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ይቀመጥና መንሸራተት ይጀምራል። ከላይ ስታዩት አዲስ ይመስላል።

ስለዚህ ጀርባውን ሳይሆን መስመር ያለበትን ፊቱን አዙራችሁ እዩ፣ በባትሪ መብራት። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተቃጥሏል፣ ጠርዙ ከተተለተለ ወይም ክር ከወጣው የሆነ ፑሊ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም፣ ከመስመሩ የተቦጨቀ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር አታስቡ ቀይሩት። ዘይት ወይ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የነካው ቤልትም አይጠረግም፣ ጎማው ያብጣል፣ ይቀየራል፣ ግን መጀመሪያ የሚያፈሰው ነገር ይዘጋ።

ስፕሬይ ብነፋበትስ? ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ

አይሆንም። ደብልዩዲ-40ም፣ ሳሙናም፣ ያ ቤልት ድሬሲንግ የሚባለውም ለጥቂት ቀን ጩኸቱን ያጠፋና ቆሻሻ ሰብስቦ ባሰ ያደርገዋል፣ ከዛ መካኒኩ የቱ ጋ እንደሚጮህ መለየት ያቅተዋል።

የሚረጭ ነገር ካማራችሁ ንጹህ ውሃ እርጩ፣ እሱ መመርመሪያ ነው። ሞተሩ በርቶ ሳለ መስመር ባለው በኩል ትንሽ ውሃ ጠብ ስታደርጉ ጩኸቱ ለአፍታ ጠፍቶ ተመልሶ ከመጣ ፑሊዎቹ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። ውሃው እንደነካው ጩኸቱ ከጨመረ ደግሞ ውጥረት ነው ያነሰው። ምንም ለውጥ ከሌለ ቤልቱን ተዉት፣ ድምፁ ከኩሽኔታ (ፑሊው በቀላሉ እንዲዞር ውስጡ ያለው ቤሪንግ) ነው።

ቤልቱን ቀየርኩት፣ አሁንም ይጮሃል። አጭበረበሩኝ ማለት ነው?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ አይደለም ነው፣ ግን በደንብም አላዩላችሁም። ቤልት በራሱ አይጮህም ማለት ይቻላል፣ የሚያስጮኸው የሚዞርበት ነገር ነው። እዛ መንገድ ላይ ያለ ፑሊ ሁሉ ማለት ይቻላል ኩሽኔታ ላይ ነው የሚዞረው፣ አይድለሩም (ቤልቱን መንገድ የሚያስይዘው ፑሊ) ቴንሽነሩም አልተርኔተሩም ኮምፕሬሰሩም ፓምፑም፣ ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ግራሶ በሙቀት ደርቆ ሲያልቅ መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዛ እንደ ወፍጮ መጉረምረም ይጀምራል፣ ከዛ ይወላገዳል፣ በመጨረሻ ወይ ይነክሳል ወይ ፑሊው ተነቅሎ ይወጣል። ቤልቱ የሚበጠሰው ያኔ ነው፣ እና ሰው ሁሉ ቤልት ተበጠሰብኝ ይላል እንጂ ኩሽኔታ ነከሰብኝ አይልም።

150 ሺህ ማይል ያለፈ መኪና ላይ ቤልት ብቻ ቀይሮ መስጠት ለኔ ግማሽ ስራ ነው። ቤልቱ ከወጣ ፑሊዎቹን ሁሉ በእጅ አዙሮ መፈተሽ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ መካኒካችሁን ሳይጀምር በፊት ጠይቁት፣ ኩሽኔታዎቹን ታያለህ ወይ በሉት።

የትኛው ፑሊ እንደሆነ ራሴ እንዴት ልለይ?

ቤልቱ ሳይወጣ፣ ሞተሩ በርቶ ሳለ፦ ረጅም ካቻቪቴ ውሰዱና ጫፉን የማይዞረው የብረት አካል ላይ (አልተርኔተሩ ገላ ላይ፣ የአይድለሩ መሃል ብሎን ላይ) አድርጋችሁ እጀታውን ጆሮ ስር ያዙ፣ የተበላሸው ጋ ስትደርሱ ጉርርር የሚለው በግልጽ ይሰማል። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ የሁዲ ገመድ፣ የተለቀቀ ጸጉር ይዛችሁ እዛ አትጠጉ። ሞተሩ በአግድም ስለተቀመጠ ቤልቶቹ በተሳፋሪው በኩል ነው ያሉት፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ እጅ ማስገባት ቀላል ስለሆነ ነው አደጋው።

ቤልቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን በእጅ አዙሩ። ጥሩ ኩሽኔታ ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ለቀቅ ስታደርጉት ብዙም ሳይሄድ ይቆማል። በጣት ገፋ አድርጋችሁት ፉር እያለ ለረጅም ጊዜ ከዞረ ጥሩ ነው ብላችሁ አትደሰቱ፣ ግራሶ ስለሌለው ነው። ወደ ጎን ነቅነቅ ስታደርጉት ከተንቀሳቀሰም አልቆለታል። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ያለ ቤልት ሞተሩን ለአፍታ አስነስቶ መስማት ይችላል፣ ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ከውጪ ነው፣ ካልጠፋ ከሞተሩ ውስጥ ነው። 3.5 ላይ ግን ዋተር ፓምፑም ስለሚቆም ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩት።

ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ መብራት በራ፣ መሪው እንደ ድንገት ጠነከረ። ቤት ድረስ ልንዳው?

3.5 ከሆነ አትንዱ። ሁለቱ አብረው መጡ ማለት ያ አንዱ ቤልት ሄዷል ማለት ነው፣ ዋተር ፓምፑም ቆሟል፣ ኩላንቱ አይዞርም፣ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አልሙኒየም ነው፣ አንዴ ከጋለ ይጣመማል፣ ጋስኬቱ ይሄዳል፣ የትንሽ ብር ቤልት የነበረው ሞተር ማውረድ ይሆናል። 495 ሀይዌይ ላይም ብትሆኑ ልጆቹ ከኋላ ቢያለቅሱም ሃዛርድ አብርታችሁ ጠርዝ ያዙ። መሪው ይከብዳል እንጂ አይቆለፍም፣ ሁለት እጅና ጉልበት ነው የሚፈልገው፣ ፍሬኑም አለ፣ አትደንግጡ። ከዛ ቶው (ጎታች መኪና) ጥሩ።

3.0 እና 3.3 ላይ የተሻለ እድል አላችሁ ምክንያቱም ዋተር ፓምፑ በታይሚንግ ቤልቱ ነው የሚዞረው። የፓወር ስቲሪንጉ ቤልት ብቻ ከተበጠሰ መሪው ይከብዳል እንጂ መኪናው ይሄዳል። የአልተርኔተሩ ከተበጠሰ ባትሪው እስኪያልቅ ነው፣ ኤሲ፣ ሬዲዮ፣ የመቀመጫ ማሞቂያ ሁሉ አጥፍታችሁ ቅርብ ወዳለ ጋራዥ። ማታ ከሆነ መብራቱ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል፣ አትሞክሩት። አንድ ነገር ግን ሁሌም አይዘለል፣ የተበጠሰው ቤልት ሙሉ በሙሉ መውጣቱን እዩ፣ የተተለተለው ክር ክራንክ ፑሊው (በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው) ጀርባ ተጠምጥሞ በታይሚንግ ሽፋኑ ስር ሊገባ ይችላል፣ ያኔ ታይሚንግ ቤልቱ ላይ ነው የሚደርሰው።

ኤሲ ስከፍት ብቻ ነው ድምፁ የሚመጣው

ኮምፕሬሰሩ ነው ወይ ቤልቱ ሸክሙን አልቻለም። ኤሲ ሲጠፋ የኮምፕሬሰሩ ክላች ይለቃል፣ ፑሊው ባዶውን ይዞራል፣ ስለዚህ ውስጡ የተበላሸ ኮምፕሬሰር ኤሲ እስካልተከፈተ ድረስ ዝም ይላል፣ እስክታሰሩት በመስኮት ንፋስ መኖር ነው። ክረምት ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ዲፍሮስት ስትከፍቱም ኤሲው አብሮ ይነሳል።

ኤሲው ጠፍቶም የሚያጉረመርም ከሆነ ግን የራሱ የፑሊው ኩሽኔታ ነው፣ እሱ ኤሲ ተከፈተ አልተከፈተ ሁሌም ይዞራል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ኤሲ አልጠቀምም ችግር የለውም ብሎ ይተወዋል፣ ኩሽኔታው ሲነክስ ቤልቱን ይዞት ይሄዳል።

ታይሚንግ ቤልቱ መቼ ነው የሚቀየረው? የሸጠልኝ ሰው ቀይሬዋለሁ ብሎኛል

3.0 እና 3.3 ላይ በ90 ሺህ ማይል ነው። አሁን በእጃችሁ ያለው ትንሹ እንኳን 2006 ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ አንዴ፣ ብዙዎቹ ሁለቴ መቀየር ነበረበት፣ ማይሉ ትንሽ ቢሆን ራሱ ጎማ በዕድሜ ያረጃል። ሻጩ ቀይሬዋለሁ ካለ ደረሰኝ ይስጥ፣ ቀንና ማይል ያለበት። አንዳንድ ጋራዥ ሲቀይር የሽፋኑ ላይ ወይ ኮፈኑ ስር ማይሉን የጻፈበት ስቲከር ይለጥፋል፣ ፈልጉት። ሁለቱም ከሌሉ አልተቀየረም ብላችሁ ነው ዋጋ የምትደራደሩት። የሜሪላንድ ኢንስፔክሽን (የመኪና ደህንነት ምርመራ) አልፏል የሚለውም መልስ አይሆንም፣ ኢንስፔክሽን ላይ ታይሚንግ ሽፋን ከፍቶ የሚያይ የለም።

ከተበጠሰ ምን ይሆናል? 3.3ቱ ላይ ቫልቮቹ ፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፣ ይጣመማሉ፣ ያን ጊዜ በዚህ ዕድሜው ከመኪናው ዋጋ በላይ የሚጠይቅ ስራ ነው። የ2001 እስከ 2003ቱም ቪቪቲ-አይ (የቫልቮቹን መክፈቻ ሰዓት የሚያስተካክል የቶዮታ አሰራር) ስለገባላቸው እኔ በዛው ዓይን ነው የማያቸው። ሲቀየር ዋተር ፓምፑ፣ ሁለቱ ፑሊዎችና ሃይድሮሊክ ቴንሽነሩ አብረው ይቀየሩ፣ ምክንያቱም የሚከፈለው ለጉልበቱ ነው፣ ሁሉም እዛው ተከፍቶ ያለ ቦታ ላይ ናቸው፣ ፓምፑን አስቀርታችሁ ከስድስት ወር በኋላ ማፍሰስ ከጀመረ ያንኑ ጉልበት ሁለተኛ ትከፍላላችሁ። የካምና የክራንክ (ቫልቮቹን የሚከፍተውና ዋናው ዘንግ) ሲሎቹም፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙት፣ ዘይት እያላቡ ከሆነ ያው አሁን ነው ጊዜያቸው።

3.5 ላይ ቴንሽነር ለመቀየር ይህን ሁሉ ጠየቁኝ፣ ትክክል ነው?

ዕቃው ላይ ሳይሆን ጉልበቱ ላይ ነው። ቴንሽነሩ ከሞተሩና ከመኪናው ግድግዳ መሃል ተጣብቆ ነው ያለው፣ ለማውጣት ብዙ ጊዜ በዛ በኩል ያለውን የሞተር ማውንት ፈትቶ ሞተሩን በጃክ ደግፎ ትንሽ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋው ከፍ ቢል አይግረማችሁ፣ የሚገርመው ይህን ሁሉ ከፍቶ አይድለሮቹን ያረጁትን መልሶ የሚገጥም ሰው ነው። በዚያው ዋተር ፓምፑን አስዩ፣ የቶዮታ ኩላንት ሮዝ ስለሆነ ካፈሰሰ ደርቆ ሮዝ ቅርፊት ይሰራል፣ ፓምፑ ዙሪያ ያ ካለ አብሮ ይቀየር።

ቴንሽነሩ መበላሸቱን ለማወቅ ሞተሩ በርቶ መኪናው ቆሞ ሳለ ክንዱን እዩት። በትንሹ መንቀጥቀጥ ያለ ነው፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ ወይ ጠዋት ላይ ቀ ቀ ቀ የሚል ምት ከሱ የሚመጣ ከሆነ ግን አልቋል።

ኦንላይን በግማሽ ዋጋ ያለው ኪት ይሆናል?

ለውጪ አይድለር ፑሊ እሺ ልበላችሁ፣ ቢበላሽ ይጮሃል ትሰሙታላችሁ። ለታይሚንግ ኪት ግን አልመክርም። አይሲን ለቶዮታ ራሱ የሚሰራ ኩባንያ ነው፣ ኪቱ ከዲለር ዋጋ በጣም ያነሰ ነው፣ ባንዶና ሚትሱቦሺ የሚል የተጻፈባቸው ቤልቶችም ጥሩ ናቸው፣ ጌትስም እንዲሁ። ችግሩ ስሙን አስመስሎ የሚሸጥ መብዛቱ ነው፣ ከማይታወቅ ሻጭ በማይታመን ዋጋ ካገኛችሁት ካርቶኑ ብቻ ነው ኦሪጅናል የሚሆነው።

በአንድ ዓመት ሁለት አዲስ ቤልት በላብኝ፣ ፑሊዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው ተባልኩ

ክራንክ ፑሊውን አይተውታል? ብዙ ሰው አያየውም ምክንያቱም አይጮህም። እሱ አንድ ብረት አይደለም፣ መሃሉና የውጪው ቀለበት ለየብቻ ናቸው፣ በመሃላቸው ንዝረት የሚውጥ ጎማ አለ። ያ ጎማ በዕድሜና በዘይት ሲለቅ ቀለበቱ ወደ ውጪ ወይ ወደ ውስጥ ይወጣል፣ ቤልቱ በጠማማ መስመር ይሄዳል፣ ጠርዙ ይበላል፣ አንዳንዴም ቀለበቱ ብቻውን ይንሸራተትና የባትሪ መብራት መጥቶ ይሄዳል፣ ሰው አልተርኔተር ይቀይራል። መፈተሻው ቀላል ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከመሃሉ እስከ ቀለበቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በነጭ ቀለም አስምሩ፣ ጥቂት ቀን ነድታችሁ ተመልሳችሁ እዩ፣ መስመሩ ከተቆረጠና ሁለቱ ቁራጭ ከተለያዩ ጎማው ለቋል።

ክራንክ ፑሊው ደህና ከሆነ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ቤልቱ ሲገጠም አንድ ቦይ ዘሎ መቀመጡ ነው፣ ጠርዙ ላይ አንድ መስመር ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ፣ ጠባብ ቦታ ላይ በዳሰሳ ሲገጠም በጣም የተለመደ ነው። ሁለተኛው ከላይ የሚንጠባጠብ ነገር ነው፣ ከቫልቭ ከቨር ዘይት ወይ ከፓወር ስቲሪንግ ቱቦ፣ በእነዚህ ዕድሜ ላይ ሁለቱም ያፈሳሉ።

ታይሚንግ ቤልት ካስቀየርኩ በኋላ ድሮ ያልነበረ ድምፅ መጣ

ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ይወስነዋል። ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚጨምር ቀጭን ዋይታ ከሆነ የውጪው ቤልት ከመጠን በላይ ተወጥሯል፣ ቶሎ ይላላ፣ ካልሆነ የአልተርኔተሩን ኩሽኔታ ይጨርሰዋል። ድምፅ ሳይሆን መኪናው ቆሞ ሞተሩ መንቀጥቀጥና ቼክ ኢንጅን መብራት ከሆነ ቤልቱ አንድ ጥርስ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ኮዱን አስነብቡ፣ የካምና የክራንክ አለመጣጣም የሚል ካለ መልሶ መክፈት ነው።

የሚያስፈራው ከታች ከክራንኩ ዘንድ የሚመጣ ከባድ ምት ነው። የክራንክ ፑሊው ብሎን ከ150 ፉት-ፓውንድ በላይ ነው የሚጠበቀው፣ በአየር ጠመንጃ በግምት አስሮ የሚተው አለ። ካልጠበቀ ፑሊው ዘንጉ ላይ መወዝወዝ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ የሚይዘውን ቁልፍና የተቀመጠበትን ቦይ ይበላዋል፣ ቦይው ከተበላ ደግሞ የሚቀየረው ፑሊ ሳይሆን ክራንክሻፍት ነው። ያን ምት ከሰማችሁ አጥፉት፣ ወደ ሰራው ጋራዥ ነድታችሁ ሳይሆን በቶው ላኩት፣ ብሎኑ ሳይነካ ፑሊው ሲወዛወዝ የሚያሳይ ቪዲዮም በስልካችሁ ያዙ፣ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር እዛ ላይ ነው የሚያልቀው።